እንጀራ ጋጋሪ ነኝ፤ እርሾው ወደ ሰውነቴ ገብቶ ይሆን?

ምጣድ ዳር (ባሕር ዳር)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ልጆቹ ተኝተዋል፣ የነገው ሊጥም ተቦክቷል፤ እንግዲህ ልጻፈው።

እንጀራ ጋግሬ ለሦስት ምግብ ቤቶችና ለሠፈሩ ሰው አቀርባለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ሰውነቴ የእኔ አልመስል ብሎኛል። በመጀመሪያ ብልቴን ማሳከክ ጀመረኝ፤ እንደ አይብ የተቆራረሰ ነጭ ፈሳሽም ነበረው። ከመድኃኒት ቤት በብልት የሚገባ ክኒን ገዝቼ ስጠቀም ይተወኝና ወር ሳይሞላ ይመለሳል። እስካሁን አራት ጊዜ ተመላልሷል። ቀጥሎ የሁለት ጣቶቼ ጥፍር ሥር አበጠ፤ ጥፍሮቹ ጎርበጥባጣ ሆኑ፣ ጠርዛቸውም ጠቆረ። በመሐል ጣቴና በቀለበት ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ተልጧል። ከሁሉ የባሰው ግን ድካሙ ነው። ከምጣዱ ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል፤ ውኃ ይዤ ጥቂት ደረጃ ስወጣ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። ሆዴም ይነፋል።

የባለቤቴ እህት አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ጠዋት አፍሽን ሳትጉመጠመጪ በብርጭቆ ውኃ ላይ ምራቅሽን ትፊ፣ ምራቁ እንደ ክር ወደ ታች ከወረደ ካንዲዳ የሚባል እርሾ ሰውነትሽን ሞልቶታል ይላል። አደረግሁት፤ ወረደ። ከዚያ በስልክ ያገኘሁት ሰው የ40 ቀን ማጽጃ በ6,800 ብር እንደሚሸጥልኝ ነገረኝ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ስኳር የሚባል እንዳልቀምስ አዘዘኝ። «እጅሽን ከእርሾ ካላወጣሽ አትድኚም» አለኝ። ግማሹን ከፍያለሁ። እንጀራ ከበላሁ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ በየቀኑ ሰማንያ እንጀራ እየጋገርሁ አንዱን ሳልቆርስ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከእርሾ ጋር የሚኖር ሰው በእርሾ ይታመማል? ሥራዬን ልተው? የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚህ ምጣድ ነው የሚወጣው።

የዘጌ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። አክስቴም እንዲሁ ሆና ነጭ ሽንኩርት ልጣ በብልቷ እያስገባች አድራ ለቀቃት ብለዋል። የተቀረውን የሚያውቁ ይንገሩሽ።

መድኃኒት ቀማሚ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ከሁሉ በፊት፦ የቀረውን ግማሽ ገንዘብ አትክፈዪ። ነጭ ሽንኩርቱንም ተዪው፤ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ስስ ቆዳ ላይ ሲያድር ያቃጥላል፣ በእሱ ቆስለው የሚመጡ አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ግራ ያጋባሽ «እርሾ» የሚለው ቃል ነው ብዬ አስባለሁ። በእኛ ቋንቋ እርሾ ማለት ከትናንቱ ቡሆ ላይ ተቀድቶ ለዛሬው ሊጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ነው። በውስጡ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገሶች አብረው ይኖራሉ። እነዚህን ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገሶች ሳይንሱም በጅምላ እርሾ ይላቸዋል። ጠጅን የሚያፈላውም እርሾ ነው፤ ካንዲዳም እርሾ ነው። ነገር ግን የጋራ ስም የጋራ ጠባይ አይሰጥም። ካንዲዳ ብቻውን ከመቶ ሃምሳ በላይ ዝርያዎች ያሉት ወገን ነው፤ ሰውን የሚያሳምሙት ጥቂቶች ሲሆኑ ዋናው ካንዲዳ አልቢካንስ ይባላል። ይህ ደግሞ ከሊጥ የሚመጣ አይደለም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በአፋችን፣ በአንጀታችን፣ በሴቶች ብልትና በቆዳችን ላይ የሚኖር ነው። ከጤነኛ ሰዎች ግማሽ ያህሉ አሁን ይህን ሲያነቡ በአፋቸው ይዘውታል።

በሊጡ ውስጥ ያለው እርሾ ደግሞ ከምጣድ አያልፍም። 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያልቃል፤ የጋለ ምጣድ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ይሞቃል። እንጀራው ዓይን ሲያወጣ እርሾው ሥራውን ጨርሶ ሞቷል። የምትበዪው እንጀራ እርሾ አይዘራብሽም።

የምራቁ ፈተና ፈተና አይደለም። ምራቅ ውስጥ የሚያዝለገልግ ንፍጥ መሰል ነገር አለ፤ በተለይ ሌሊት አፍ ደርቆ ካደረ ይወፍራል። ውኃ ላይ ሲተፋ አየር የያዘው ይንሳፈፋል፣ የወፈረው እንደ ክር ይወርዳል። የእኔም ይወርዳል፤ የልጅሽንም ብትሞክሪ ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከመስከረም ወዲህ ሌላ መድኃኒት ወስደሻል? በተለይ ለጉሮሮ፣ ለጥርስ፣ ለሆድ ብለሽ የገዛሽው?

ንጋት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሰላም። ወንድማችንን አከብራለሁ፣ ነገር ግን የራሴን ምስክርነት ሳልናገር አላልፍም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞኝ፣ ጭንቅላቴ ጭጋግ የሞላው መስሎኝ፣ መገጣጠሚያዬን እያመመኝ ኖሬአለሁ። ብዙ ቦታ ታይቼ «ምንም የለብሽም» ተብያለሁ። ምንም የለብሽም መባል ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል። ስለ ካንዲዳ አንብቤ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ኬክና ነጭ ዳቦ ተውሁ። በሁለት ወር ውስጥ ሰው ሆንሁ። ይህ ውሸት ነው ትሉኛላችሁ?

አዋላጅዋ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ንጋት እህቴ፣ ውሸት ነው የሚልሽ የለም። መሻልሽ እውነት ነው። መድኃኒት ቀማሚ ይመልስልሻል፤ እኔ ወደ ባለ ጉዳይዋ ልሂድ፣ ምክንያቱም አራት ጊዜ የተመላለሰ ማሳከክ ዝም የሚባል አይደለም።

ምጣድ ዳር፣ ያልሽው የማሳከኩና የአይብ መሰሉ ፈሳሽ ነገር በእርግጥ ካንዲዳን ይመስላል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ ማፈር አያስፈልግሽም፣ የንጽሕና ጉድለትም የባለቤትሽ ጥፋትም አይደለም። ነገር ግን ይመስላል ማለት ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ ራሳቸውን መርምረው ፈንገስ ነው ብለው መድኃኒት ከገዙ ሴቶች መካከል በምርመራ በእርግጥ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ሲሶ ያህሉ ነበሩ። የሌሎቹ የባክቴሪያ መዛባት፣ ወይም ትሪኮሞናስ፣ ወይም የሳሙና ቁጣ፣ ወይም የተደባለቀ ነው። የዓሣ የሚመስል ሽታ ካለው ወደ ባክቴሪያው ያደላል። አረፋ ያለው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ትሪኮሞናስን ያስጠረጥራል፤ ያ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ባልም አብሮ ይታከማል። ካንዲዳ ብዙም አይሸትም።

መለየቱ ቀላል ነው። በጥጥ ከፈሳሹ ትንሽ ይወሰዳል፣ በመስታወት ላይ ጠብታ ይደረግበታል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፈንገሱ እንደ ቁልቋል ቅርንጫፍ ሲያቆጠቁጥ ዓይናችን ያየዋል። አሲድነቱንም በወረቀት እንለካለን፤ በካንዲዳ ጊዜ እንደ ጤነኛው ከ4.5 በታች ይሆናል፣ በሌሎቹ ከዚያ በላይ ይወጣል። አምስተኛ ጊዜ ክኒን ከመግዛትሽ በፊት ይህን አስደርጊ።

በእርግጥ ካንዲዳ ሆኖ በዓመት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። ካንዲዳ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ያለ ጎረቤት ነው፤ ዛሬ አጥር የሰበረው ለምንድን ነው? በብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሲድ እየሠሩ ልክ ያስይዙታል። እነሱን የሚገድል ነገር፣ ወይም ለፈንገሱ ስኳር የሚያቀርብለት፣ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም ነገር ሲመጣ ይበዛል። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፦ እርጉዝ ነሽ? የስኳር ምርመራ አድርገሻል? የኤችአይቪ ምርመራስ? የወሊድ መቆጣጠሪያሽ ምን ዓይነት ነው? ብልትሽን በምን ትታጠቢያለሽ? የወር አበባሽስ እንዴት ነው? የመጨረሻውን የምጠይቅሽ ስለ ድካምሽ ነው።

ምጣድ ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስታነቡኝ አለቀስሁ።

እርጉዝ አይደለሁም። ስኳር ተለክቼ አላውቅም። ኤችአይቪ በመጨረሻው እርግዝናዬ ተመርምሬ ነጻ ነበርሁ፤ ስድስት ዓመት ሆነው። የምታጠበው በሽታ ባለው ሳሙና ነው፣ ማሳከኩ ሲብስ በቀን ሦስቴ፣ ውስጤ ድረስ። ወይባ ጢስም ሞቅሁ። ለጉሮሮዬ ደግሞ ጭሱ ነው መሰለኝ ያብጥብኛል፤ አሞክሳሲሊን ገዝቼ እወስዳለሁ። ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ፤ ደኅና ስሆን በሦስተኛው ቀን አቆማለሁ። የወር አበባዬ ስምንት ቀን ይቆያል፤ ከሁለተኛው ልጅ በኋላ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሴት ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ነበር።

መድኃኒት ቀማሚ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

አሞክሳሲሊኑ የፈራሁት ነበር። መድኃኒቱ የጉሮሮ ባክቴሪያንና የብልት ላክቶባሲለስን ለይቶ አያውቅም። ባክቴሪያውን ሲያጠፋ ፈንገሱን አይነካውም፤ ፈንገስ በጸረ ባክቴሪያ አይሞትምና። ቦታው ባዶ ሲሆንለት ይስፋፋል። ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን፣ አራት ጊዜ ማሳከክ፤ ቀኖቹን አስታውሰሽ አስተያያቸው። የጉሮሮ ሕመም ደግሞ አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒቱ ላያስፈልግሽም ይችል ነበር። ይህን የምለው አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ያለ ሐኪም ማዘዣ በመስኮት የሚያቀብለው የእኔው ሙያ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ሲያሳዝነኝም ይኖራል።

ታንኳ ቀዛፊ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ልጄ፣ እኔ ጣና ላይ ዓሣ በማስገር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ጣቶችሽ ስታነሺ የራሴን እግር አየሁበት። በደንገል ታንኳ ስንሠራ እግራችን ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ ውስጥ ነው፤ በጣቶቻችን መካከል ቆዳው እንደ ተቀቀለ ይሆናል። ዳር ላይ ተቀምጠው ቆሮሶና አምባዛ የሚበልቱት ሴቶችም ልክ አንቺ ባልሽው ቦታ፣ በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት መካከል ይላጥባቸዋል። ማናቸውም እርሾ አይነኩም። ውኃ ነው።

ሌላም ልንገርሽ፣ ቢያሳፍረኝም ይጠቅም ይሆናል። ከአራት ዓመት በፊት ብሽሽቴ ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር፤ የከንፈሬ ማዕዘን ሁለቱም ወገን ተሰነጠቀ። ቅባት ስቀባ ይደርቃል፣ ይመለሳል። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣ ነበር፤ ውኃ ጥሙን በጣና ሙቀት አመካኘሁ። አንዲት ወጣት ሐኪም ብሽሽቴን አይታ ቅባት ሳትጽፍ ጣቴን ወጋች። ስኳሩ 312 ሆነ። ስኳሬ ከተስተካከለ ወዲህ ያ ማሳከክ አልተመለሰም። ስለዚህ ተለኪ።

አዋላጅዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

አባባ፣ እርስዎ ከእኛ ይልቅ አስተማሩ። የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ደሙም ሽንቱም ስኳር ስለሚበዛበት ፈንገሱ ይለመልማል፤ ብዙ ሰው በሽታውን ያወቀው እንደ እርስዎ በቆዳው ነው።

ምጣድ ዳር፣ አባባ ስለ ውኃ ያሉት ትክክል ነው። ጥፍር ሥር ያለችው ስስ ቆዳ እንደ በር መዝጊያ ናት። እጅ ቀኑን ሙሉ በሊጥ፣ በውኃና በሳሙና ሲርስ መዝጊያዋ ትላቀቃለች፤ ከሥሯ ክፍተት ይፈጠራል፤ ካንዲዳውም ባክቴሪያውም እዚያ ይገባል። የበሽታው ሥር ርጥበቱና ቁጣው እንጂ ፈንገሱ አይደለም፤ ለዚህ ነው የፈንገስ መድኃኒት ብቻውን የማይበቃው። ሐኪም ካየው በኋላ ቁጣውን የሚያበርድ ቅባት ሊያዝልሽ ይችላል። ዋናው ግን እጅሽን ማድረቅ ነው። ሊጥ ስታቦኪና ዕቃ ስታጥቢ ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የላስቲክ ጓንት አድርጊ። ላስቲኩ ብቻውን ከሆነ እጅሽ በላብ ይርሳል፣ ያው ነው። ያችን ስስ ቆዳ በምላጭም በጥፍር መቁረጫም አትንኪያት። የተበላሸው ጥፍር አድጎ እስኪወጣ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ተስፋ አትቁረጪ።

ውስጥሽን በሳሙና መታጠብ ዛሬውኑ ይቁም። ብልት ራሱን ያጥባል፤ ከውጭ ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። ወይባውንም ማሳከኩ ባለበት ጊዜ ተዪው። የተቆጣ ቆዳ ላይ ሙቀትና ላብ ነው የሚጨምረው።

ስለ ስምንት ቀኑ የወር አበባ ግን በአካል ልነግርሽ ብችል ደስ ባለኝ። የዓይን መጨለም፣ የልብ መምታት፣ በደረጃ መዛል የደም ማነስ ምልክት ነው። የደም መጠንን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን አስለኪ። ማንም ካንዲዳ ብሎ ቢነግርሽ ያን ሳታስለኪ አትመኚው።

የሕፃን እናት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ይቅርታ፣ በመካከል ልግባ። የሁለት ወር ልጄ ምላሱና ጉንጩ ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር አለው፤ ስጠርገው አይለቅም። አማቴ በጨርቅ ፍቀሽ አውጪው ይላሉ። የጡቴ ጫፍም ያቃጥለኛል።

አዋላጅዋ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

እናትየው፣ አትፈቂው፤ ይደማል። ወተት ቢሆን በቀላሉ ይጠረግ ነበር፤ የማይለቀው የአፍ ካንዲዳ ነው። በሕፃናት ላይ የተለመደ ነው፣ መከላከያቸው ገና ስለሆነ። ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ኒስታቲን የሚባል ጠብታ ይሰጡሻል። የሕፃኑ አፍና የአንቺ ጡት በአንድ ጊዜ ካልታከሙ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ትመልሳላችሁ። ጡት ማጥባትሽን አታቋርጪ። ወይን ጠጁ ጂቪ በቤት ካለ በራስሽ አትቀቢው፤ ሲበዛ አፉን ያቆስላል። እንጥሉ ወርዶ ነው ብሎ ሊቆርጥ የሚመጣ ካለ ደግሞ፣ እባክሽ፣ በሩን ዝጊበት።

ስም ያልጠቀሰ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10

እኔ ሕፃን አይደለሁም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከወር ወዲህ አፌ ውስጥ እንዲሁ ነጭ ወጥቷል፣ ምግብ ስውጥ ደረቴን ያመኛል፣ ክብደቴም ቀንሷል።

አዋላጅዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡35

ወንድሜ፣ በዚህ ሰዓት በመጻፍህ ደስ ብሎኛል። በግልጽ ልንገርህ፣ ግልጽነቱ ክብር ነው ብዬ ስለማምን። ሕፃን ያልሆነ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሌለው፣ ለአስም በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ የሚባል ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት የማይወስድ ሰው አፉ ውስጥ ካንዲዳ ሲወጣበት ኤችአይቪና ስኳር መመርመር አለበት። ሲውጡ የሚያም ከሆነ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሊዘገይ የማይገባ ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ፍርድ እየሰጠሁህ አይደለም። በመንግሥት ጤና ተቋማት የኤችአይቪ ምርመራው በነጻ ነው፣ ምስጢርም ነው። ቢገኝም መድኃኒቱ አለ፤ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ልጁን ይድራል። ነገ ጠዋት ሂድ። ሄደህ ስትመለስ አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ «ሄድሁ» ማለት ይበቃል።

መድኃኒት ቀማሚ
ኀሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ንጋት፣ ላንቺ ያዘገየሁት በጥድፊያ መመለስ ስላልፈለግሁ ነው።

ካንዲዳ በአንጀት ተስፋፍቶ ድካምን፣ የራስ ጭጋግን፣ ድብርትንና የመገጣጠሚያ ሕመምን ያመጣል የሚለው ሐሳብ ታሪክ አለው። በአሜሪካ አላባማ የነበሩ ኦሪያን ትረስ የተባሉ ሐኪም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጻፉት፤ ዊሊያም ክሩክ የተባሉ ሌላ ሐኪም በ1983 ለሕዝብ አሰራጩት። ሕመምተኞቻቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የምልክቶቹ ዝርዝር በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ማንም ሰው ራሱን ያገኝበታል። በ1990 በዚያው በአላባማ ተመራማሪዎች አርባ ሁለት ሴቶችን ፈተኑ፤ ለየስምንት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ኒስታቲን፣ ሌላ ጊዜ ባዶ ክኒን ሰጧቸው፣ ሴቶቹ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ። የብልቱ ማሳከክ በኒስታቲን ከባዶው ይልቅ ተሻለ። ድካሙና ድብርቱ ግን በሁለቱም ቀነሰ፤ ኒስታቲኑ ከባዶው ክኒን አልበለጠም። ድካሙ እውነት ነበር ማለት ነው፣ የፈንገሱ ግን አልነበረም።

አንቺ የተሻለሽ ለስላሳና ኬክ ስለተውሽ ነው። ስኳር ሲወጣና ሲወርድ የሚያደክመው ሰው አለ፤ አመጋገቡ ሲስተካከል እንቅልፉም ይስተካከላል። ይህን በርቺበት። ነገር ግን ደሙ ስኳር ያልበዛበት ሰው ሙዝና ማር በመተዉ ካንዲዳን አያስርበውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የድካሙ እውነተኛ ምክንያት፣ ደም ማነስ ይሁን የታይሮይድ እጢ፣ በካንዲዳ ስም ተሸፍኖ ሲቆይ።

ካንዲዳ ቀላል ነው ማለቴም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ካንዲዳ አልቢካንስንና ካንዲዳ አውሪስን በመጀመሪያው ረድፍ አስቀምጧቸዋል። ደም ውስጥ ሲገባ ይገድላል። ይህ የሚሆነው ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በደም ሥር ቱቦ፣ ከትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በካንሰር መድኃኒት መከላከያቸው በወደቀ ሰዎች ላይ ነው። ሰማንያ እንጀራ በቆመችበት በምትጋግር ሴት ላይ አይደለም።

ስለ ኒስታቲን ስጽፍ ሁልጊዜ የማነሣት ነገር አለች። ያገኙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን፣ በ1950። አንዷ ኒው ዮርክ ከተማ፣ አንዷ አልባኒ ሆነው ናሙናውን በፖስታ ይላላኩ ነበር። ፈንገስ የሚገድለውን ተሐዋሲ ያገኙት ከአንድ የወተት ላም እርሻ አፈር ውስጥ ነው። ከመድኃኒቱ ያገኙትን ገንዘብም ለሳይንስ ምርምር ሰጡት። የሕፃን እናት ነገ ጠብታውን ስትቀበል ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል።

ንጋት
ኀሙስ፣ ከምሽቱ 4፡15

አልተከፋሁም። የታይሮይድ ምርመራ አድርጌ አላውቅም፤ አደርጋለሁ። «ድካሙ እውነት ነበር» ያልከኝ ግን ከማንም ሰምቼው የማላውቀው ነው።

ስም ያልጠቀሰ
ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡50

ሄድሁ።

አዋላጅዋ
ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡05

ተመስገን። ውጤቱ ምንም ይሁን ቀጠሮህን አታሳልፍ። እዚህ መጻፍ ካልፈለግህ አትጻፍ፤ ግን አታሳልፍ።

የዘጌ ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

አንድ ጥያቄ፦ ደረቴና ጀርባዬ ላይ ያለው ቋቁቻስ ከዚሁ ወገን ነው? በሙቀት ወራት ይብሳል። ስሙን የማላውቀው ነጭ ቅባት ገዝቼ ስቀባ ጠፍቶ ነበር፤ ሳቆም ሰፍቶ መጣ።

መድኃኒት ቀማሚ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ቋቁቻ የሚመጣው ማላሴዚያ በሚባል ሌላ እርሾ ነው፤ ፎረፎርም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቅባትና ላብ ይወዳል፣ ስለዚህ በሚያዝያ ሙቀት መባሱ የሚጠበቅ ነው። የገዛኸውን ቅባት አንብብ፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። መቅላቱንና ማሳከኩን ይሸፍናል፣ ፈንገሱን ግን ይመግበዋል። የፈንገስ መድኃኒት ያለበት የራስ ሻምፑ ቆዳህን ታጥበህበት ጥቂት ደቂቃ ብታቆየው ይሻልሃል። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ነጩ ምልክት ለወራት ስለሚቆይ አልዳንሁም ብለህ አትደጋግመው።

ምጣድ ዳር
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

የት ጠፋች እንዳትሉኝ። ሁሉንም አድርጌ ነው የመጣሁት።

ስኳሬ ጠዋት ሳልበላ 88፤ ደኅና ነው። ኤችአይቪ ነጻ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የብልቱ ካንዲዳ ሆኖ ተገኘ፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን በየሦስት ቀኑ የሚወሰድ ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ ክኒን ሰጡኝ፣ ከዚያ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ክኒን እንድቀጥል። እርጉዝ ልትሆኚ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪን አሉኝ፤ ሌላ የምወስደው መድኃኒት መኖሩንም ጠየቁኝ። ጉሮሮዬ እንደገና አብጦ ነበር፤ በጨው ውኃ ተጉመጥምጬ በአራተኛው ቀን ተወኝ፣ አሞክሳሲሊን አልገዛሁም። ማሳከኩ እስካሁን አልተመለሰም።

ሄሞግሎቢኔ 8.9 ነበር። ለሴት ከ12 መውረድ የለበትም አሉኝ። ሰገራዬን ለትል መረመሩ፣ የለም። ማኅፀኔን በአልትራሳውንድ አይተው ለረዥሙ የወር አበባ ሕክምና ጀመሩልኝ፣ የብረት ክኒንም ሰጡኝ። ቡና በክኒኑ ላይ እንዳልጠጣ ነገሩኝ፤ ቡናና ሻይ ብረቱን ይይዙታልና። አሁን ክኒኑን ጠዋት በሎሚ ውኃ እወስድና አቦሉን ከሁለት ሰዓት በኋላ እጠጣለሁ።

ሐኪሟን እንጀራ ልተው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እንዲያውም ሊጡ በደንብ ሲቦካ በእህል ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ ሰውነት የተሻለ ያገኘዋል አለችኝ። ያን ሁሉ ቀን የተውሁት ነገር የሚጠቅመኝ ነበር። ቤት ስደርስ ከሰፌዱ ላይ ትኩሱን አንሥቼ በርበሬ ነካ አድርጌ ቆሜ በላሁት።

ለሰውየው የከፈልሁት አልተመለሰም። ስልኩን አያነሣም። የባለቤቴን እህት አልቆጣኋትም፤ ለእኔ አስባ ነው። ይልቅስ እሷንም ሄሞግሎቢን አስለካኋት።

ጣቶቼ ናቸው ያልለቀቁኝ። እብጠቱ ቀንሷል፣ ከጥፍሩ ሥር ጤነኛ ጥፍር መውጣት ጀምሯል። ግን የጥጡ ጓንት በአንድ ቀን ይርስብኛል፤ ሊጡ በእጅጌው ይገባል። እንዴት ላድርግ?

ታንኳ ቀዛፊ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የላስቲኩን ጓንት እስከ ክርን የሚደርሰውን ግዢ፤ ቅዳሜ ገበያ አለ። ጫፉን ወደ ውጭ አጥፊው፣ የሚፈስሰው እዚያ ይቀራል። የጥጡን አራት ጥንድ ያዢ፤ ሁለቱ ታጥበው ፀሐይ ላይ ሲሰጡ ሁለቱን ታደርጊያለሽ። እኔ ካልሲዬን እንዲያ ነው የማደርገው።